ማስቲሹ ሳይደርስ

እኔ ቀናተኛ ነኝ። ይህን የምለው ኮርቼበት አይደለም፤ ቀድሜ ካልተናዘዝኩ የምነግራችሁን ነገር ግማሹን እንደምደብቅ ስለማውቅ ነው። የሌላው ሰው የልጅነት ቅናት ከወተት ጥርሱ ጋር ወልቆ ይቀራል መሰለኝ። የእኔ ግን አብሮኝ ትምህርት ቤት ገባ፣ አብሮኝ አገባ፣ ይኸው አሁን አብሮኝ መሸበት ጀምሯል። የያዘኝ በስምንት ዓመቴ ነው። ያስያዘኝም የአንዲት ሴት ትንሽ ጣት ነው።

አባቴ የቤት ዕቃ ሠሪ ነበር። የሥራ ቤቱ እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ ከመኖሪያ ቤታችን ጀርባ ያለ ረጅም ክፍል ነው። በሩን ስትከፍቱ ቀድሞ የሚቀበላችሁ ሽታ ነው። ሰጋቱራው አለ፣ ቫርኒሹ አለ፣ ከሁሉም በላይ ግን ማስቲሹ፣ ያ በአፍንጫ ሰርስሮ ገብቶ ግንባር ላይ የሚቀመጠው። እኔ ያንን ሽታ እወደው ነበር። የአባቴ ሽታ እሱ ነበራ።

አባቴ ማጣበቂያዎቹን ሁሉ እንደ ሰው ጠባይ እየሰጠ ነው ያስተማረኝ። ከቆዳና ከአጥንት የሚሠራው፣ ድስት ውስጥ ገብቶ በውኃ ላይ የሚሞቀው የድሮ ኮላ «ሽማግሌ ነው፣ ካላሞቅሽው አይናገርም» ይባላል። ነጩ የእንጨት ኮላ «ይቅር ባይ» ነው፤ ብትሳሳቱ እንኳ እንጨቱን ፈቀቅ አድርጋችሁ ታስተካክሉታላችሁ፣ ከዚያ በሞርሳ አስራችሁ ትተዉታላችሁ። በሁለት ጣሳ የሚመጣው፣ አንዱ ከሌላው ካልተደባለቀ ዕድሜ ልኩን የማይደርቀው ደግሞ «ባልና ሚስት» ነው።

ማስቲሽ ግን ቂመኛ ነው። ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ይቀባል፣ ከሥር ባለው የቺፑድ ጣውላም ላይ፣ ከላዩ በሚለበጠው ስስ ፎርማይካ ጀርባም ላይ። ከዚያ ወዲያው አይጋጠምም፤ ይጠበቃል። እርጥበቱ ተንኖ እስኪያልቅ፣ ሲነኩት ጣት ላይ እስከማይቀር ድረስ ይጠበቃል። ከቸኮላችሁ ውስጡ የታፈነው እርጥበት ሙቀት ያገኘ ቀን ያብጥና ፎርማይካውን ይዞት ይነሳል። ከዘገያችሁም አይያያዝም። በሰዓቱ ካጋጠማችሁት ግን አለቀ፤ አንዴ ከነካ ነካ፣ ሽማግሌ ቢላክበትም አይላቀቅም።

ታዲያ ደረሰ አልደረሰም የሚለውን ፍርድ የሚሰጠው ማን ይመስላችኋል? እኔ ነበርኩ። አባቴ ከሥራ ቤቱ ውስጥ «ጣቴ!» ብሎ ይጠራኛል። የቤት ስሜ ይኸው ነበር። የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ፣ እጄን በቀሚሴ እጠርጋለሁ፣ የጠቋሚ ጣቴን ጀርባ ከጠርዙ ላይ አሳርፋለሁ። ከዚያ «ገና» ወይም «ደርሷል» እላለሁ። እሱም ከእኔ ቀጥሎ በራሱ ጣት ነካ ያደርገውና አንገቱን ዘንበል አድርጎ «እውነትሽን ነው» ይለኛል። አንድም ቀን አላረመኝም። ደንበኞች ሲመጡ «እኔ ያለ ጣቴ አልሠራም» ይላቸዋል፣ እነሱ ይስቃሉ፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ እቆማለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ እንዲያ ያለ ሹመት ግን አላገኘሁም።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ነሰረኝ። በሳምንቱ ደግሞ ራሴን አዙሮኝ ወደቅኩ። የዚያን ዕለት እናትና አባቴ ጓዳ ገብተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ መጋረጃው ሥር ቆሜ ሰማሁ። እናቴ «እሷን ከዚያ ቤት አውጣልኝ። ሌላ ሰው ፈልግ» አለችው።

«ሌላ ሰው አይሆነኝም» አለ አባቴ።

«ለምንድን ነው የማይሆንህ?»

አባቴ መልስ አልሰጠም። እኔ ግን መልሱን የማውቅ መሰለኝ፦ ስለሚወደኝ ነዋ። እናቴ አሁን ድረስ «የማስቲሹ ሽታ ነው ልጄ፣ ይጎዳሻል፣ ብዬ መቶ ጊዜ ነግሬሻለሁ» ትለኛለች። ነግራኝ ይሆናል። ቅናት ጆሮ ይደፍናል፤ እኔ የሰማሁት «አውጣልኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሥራ ቤቱን ደፍ እንዳላልፍ ተከለከልኩ።

ከደፉ ወዲህ ተቀምጬ ሳምንት እንኳ ሳይሞላኝ ሴትዮዋ መጣች።

ሴትዮ ልበላት እንጂ ወጣት ነበረች፣ ቀጭን፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ የምታስር። ቀድሞ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሶል ስታጣብቅ የኖረች ናት አሉ፤ ማስቲሽን ከእናቷ ልጅ አሳምራ ታውቀዋለች። እሷ የምትነካው እንደ እኔ በጠቋሚ ጣት አይደለም። ትንሿን ጣቷን አጥፋ በመገጣጠሚያዋ አጥንት ነው ነካ የምታደርገው፣ ያውም ዓይኗን ጨፍና። ከዚያ ጎተት አድርጋ «ገና ነው፣ ጋሼ» ትላለች። አባቴ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ እጁን አንጠልጥሎ እንደ ተማሪ ይቆማል። ትንሽ ቆይታ እንደገና ትነካና «ገና ነው» ትላለች። አሁንም ይቆማል። እኔን እንዲያ አድርጎ ጠብቆኝ አያውቅም። በሆዴ «ወይዘሪት ገና ነው» የሚል ስም አወጣሁላት።

ክፉ ሰው ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበረችም። ከደፉ ላይ ተቀምጬ ሳፈጥባት ጣቷን አንስታ እያሳየችኝ «አትጫኚው፤ ሰላም ብቻ በይው» ትለኛለች። «አውቃለሁ» እላታለሁ። ከረሜላ ትሰጠኛለች፤ ዞር ስትል እወረውረዋለሁ፣ ማንም ሳያየኝ ደግሞ ሄጄ አንስቼ እበላዋለሁ። ቅናት ከረሜላ አያስተውም።

አንድ ቀን ክፋቴ ጸና። ወደ ሥራ ስትገባ ጫማዋን ደጅ አውልቃ ነጠላ ጫማ ነበር የምታደርገው። ከውጭ ከተቀመጠ ጣሳ ማስቲሽ በእንጨት ዝቄ የጫማዋን ሶልም ሲሚንቶውንም ቀባሁና ወዲያው አጣበቅኩት። ከቁጥቋጦው ጀርባ ተደብቄ፣ ስትወጣ በግንባሯ ስትደፋ ለማየት ጠበቅኩ። ወጣች። እግሯን አስገብታ ስታነሳ ጫማው ያላንዳች ችግር ተነሳ፤ ሥሩ ላይ ቢጫ ክር ብቻ ተጎተተ። ጎንበስ ብላ ክሩን አየችው። ከዚያ ወደ ቁጥቋጦው ዞራ «ሳይደርስ ነው እኮ ያጋጠምሽው» አለች፤ ሳቋ ግቢውን ሞላው። የገደለኝ የእሷ ሳቅ አይደለም። አባቴ ከበሩ ላይ ቆሞ አብሯት ሳቀ።

የአባቴ እጅ ነገር የመጣው ከዚያ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በጎን በኩል ባለው መስኮት አጮለቅኩ። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እሷ ፊቱ ተንበርክካ ቀኝ እጁን በሁለት እጆቿ ይዛዋለች። ጎንበስ ብላ መዳፉ ላይ እፍ እፍ ትላለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አባቴ በዝቅታ ሲናገር ሰማሁት፤ «ለማንም እንዳትነግሪ» አላት። እሷም ራሷን ነቀነቀች።

ያን ጊዜ ስለ ወንድና ሴት ምን አውቅ ነበር? ምንም። ግን ምስጢር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አባቴ ለእኔ ያልነገረኝ ምስጢር ከእሷ ጋር አለው። አፌ ላይ የመጣው ምሬት እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

በቀጥታ ወደ እናቴ ሄድኩ። ልብስ እያጠበች ነበር። ያየሁትን ነገርኳት፦ እጁን ይዛለች፣ እፍ ትላለች፣ እሱ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብሏታል። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። እናቴ እጇን ከሳሙናው ሳታወጣ «ከዚያስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር። ያየሁት አልበቃትም ብዬ ፈራሁ። «ከዚያ ሁለቱም ሳቁ» አልኳት።

አልሳቁም ነበር። የጨመርኩት ይህችን አንዲት ቃል ብቻ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ልመልሳት ብልም አልቻልኩም፣ እውነቱን ለመናገር መመለሱንም አልፈለግኩም።

እናቴ ልብሱን አጥባ ጨረሰች። አባቴ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ለምሳ ሲገባ ምን እንደነካው ጠየቀችው፤ «መጋዝ ጫረኝ» አላት። «እሷ ናት ያሰረችልህ?» አለችው። በግራ እጁ ውኃ አንስቶ ጠጣ። «ለማንም እንዳትነግሪ ያልካትስ ምንድን ነው?» አለችው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አንገቴን ደፍቼ ምሳዬን በላሁ። አባቴ ቢፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጨርሰው ይችል ነበር። አልጨረሰውም፤ ምክንያቱን ለማወቅ ሠላሳ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ራሷ ሥራ ቤት ሄዳ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «እህቴ፣ እስካሁን ላደረግሽው እናመሰግናለን፣ ከእንግዲህ አትምጪ» አለቻት። ሴትዮዋ ወደ አባቴ ዞረች። አባቴ መላጊያውን ይዞ የእንጨቱን ጠርዝ ያይ ነበር። ሽርጧን ፈታች፣ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ጫማዋን ቀየረች። በሩ ጋ ስትደርስ እኔ ቆሜያለሁ። ልታልፈኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ አለችና ጆሮዬ ሥር «አባትሽን አደራ። አትቸኩዪበት» አለችኝ።

የገዛ አባቴን ለእኔ አደራ የምትሰጠኝ እሷ ማን ናት?

ያን ሰሞን አባቴ ትልቅ ሥራ ይዞ ነበር። መንገዱ ማዶ የሚከፈት የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ነው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ፣ ላዩ ነጭ ፎርማይካ። ይህ ሥራ ካማረ ከዚያ ወዲያ ሥራ ፍለጋ አልወጣም ይል ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲገባና ሲወጣ የሚያየው ነገር ነውና። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ለቀናት እንጨቱን ቆረጠ፣ ላገ፣ ገጣጠመ፤ ማጣበቁን ግን ያሳድር ጀመር። ጣሳውን ይከፍታል፣ ያማስላል፣ መልሶ ይከድናል። እኔ ከደፉ ላይ ሆኜ ሰነፈ አልኩ።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ እናቴ ገበያ ስትወጣ ጠብቆ፣ በሩ ላይ ብቅ ብሎ ግራ ቀኝ አየና «ጣቴ፣ እስኪ አንዴ ነይ» አለኝ።

ደፉን ስሻገር እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ባንኮኒው ክፍሉ መሀል ላይ ተዘርግቷል፣ ማስቲሹ ተቀብቷል፣ ፎርማይካው ጎኑ ላይ ተገልብጦ ያበራል። ቀኑ ሞቃት ነው፣ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ። የጣቴን ጀርባ አሳረፍኩ። ያዘኝ። ሳነሳው ቀጭን ክር ተከትሎኝ ተነሳ፣ ከዚያ ተበጠሰ።

ገና ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ የኖርኩት ለዚህ ፍርድ ነው፣ ገና መሆኑን በእርግጠኝነት አውቄያለሁ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ግን የማን ቃል ነው? የእሷ ነው። አባቴን እንደ ተማሪ የምታቆመው በዚያ ቃል ነበር። እኔ እንደ እሷ አላስጠብቀውም አልኩ፤ እኔ እንደ እሷ አይደለሁም። ደግሞስ ምን ችግር አለው፣ እሱ ከእኔ ቀጥሎ ይነካው የለ፤ ካልደረሰ ይነግረኛል።

«ደርሷል» አልኩ።

አባቴ በጣቱ ነካው። ማስቲሹን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ። አንገቱን ዘንበል አደረገና «እውነትሽን ነው» አለ።

አጋጠምነው። በእንጨት ኩብ ከመሀል ወደ ዳር እየተጫነ መታው፤ እኔ ሌላውን ጫፍ ያዝኩ። አያችሁ፣ ለእኔ የታየኝ እንዲህ ነው፦ አባቴ አውቋል። ነክቶታል፣ ገና መሆኑን ያውቃል፣ ግን እኔ ስላልኩ ብቻ አለፈው። የእሷን «ገና ነው» ያከብር እንደነበር የእኔን «ደርሷል» አከበረ። በዓለም ላይ እንደ እኔ የተወደደ ልጅ የለም ብዬ በዚያ ቀን ማልኩ።

መድኃኒት ቤቱ ተከፈተ። በሁለተኛው ሳምንት ፀሐይ በመስተዋቱ እየገባች ባንኮኒውን ስትመታው ዋለች፣ ፎርማይካው እንደ ተቃጠለ ቆዳ አበጠ። ባለቤቱ መጥቶ አባቴን ይዞት ሄደ፤ ተከትዬ ሄጄ ከውጭ በመስተዋቱ አየሁ። አባቴ አንዱን ጥግ በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ሳበው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተላጠ። መድኃኒት ሊገዙ የመጡ ሰዎች ቆመው ያዩ ነበር። አንዱ «ይሄ ነው ባለሙያ የሚባለው?» ሲል ሰማሁ። አባቴ «ሙቀቱ ነው» አለ። ለባለቤቱ «ሙቀቱ ነው»፣ ለእናቴም «ሙቀቱ ነው»። ሠርቶ ተካለት፣ በሚስማርና በክፈፍ፣ ያለ ማስቲሽ። ከዚያ በኋላ ሥራ ጠፋ። ዓመት ሳይሞላ ሞርሳዎቹን፣ መላጊያውን፣ የኮላ ማሞቂያ ድስቱን ሳይቀር ሸጦ የሕንፃ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አውጪ ሆኖ ተቀጠረ። «ጣቴ» የሚለው ስም ቀስ በቀስ ቀረ። ቤት ውስጥ በስሜ እጠራ ጀመር።

ጥፋተኛ ነኝ ብዬ አለቀስኩ ብላችሁ ውሸት ነው። አንዲት መከራከሪያ ነበረችኝ፣ በደንብ አድርጌ የያዝኳት፦ እሱም ነክቶታል። ያቺን መከራከሪያ ይዤ አደግኩ።

ዘንድሮ አባቴ የእጁን መዳፍ ተቃጥሎ ተገኘ። ምድጃ ላይ አሳርፎት፣ እናቴ የሚቃጠል ነገር ሸትቷት መጥታ ነው ያነሳችለት። ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ የልጅ ልጁ ብትሆን አይገርምም። ዓይኑን አስጨፍና መርፌ አወጣችና ጣቶቹን በየተራ ትወጋ ጀመር። «ሲሰማዎት ይንገሩኝ፣ አባባ» አለችው። ወጋችው። ዝም። ሌላውን ወጋችው። ዝም። አምስቱንም ጨረሰች፤ አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ በትዕግሥት ተቀምጦ «ጀመርሽ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

ሐኪሟ ስቃ፣ መልሳ ኮስተር ብላ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችው። ወደ እኔ በአገጩ እያመለከተ «ይቺ ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው የጀመረኝ» አለ። ምን ይሠሩ ነበር አለችው፤ ነገራት። የዚያ ዓይነት ማጣበቂያ ተን ዓመት በዓመት ሲተነፈስ የእጅና የእግርን ነርቭ ሊበላ ይችላል አለች። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፣ እንደሚያውቀው ነገር። «የእንጨት ሠሪ እጁ አይሰማም ከተባለ ማን ሥራ ይሰጠዋል?» አላት። «አንዲት ልጅ ብቻ አውቃብኝ ነበር። የኮላ ድስቱ ላይ እጄን ጥጄ ስቃጠል አይታኝ።»

እኔ ወንበሩን ያዝኩ። ያ መስኮት፣ ያ እፍ እፍታ፣ ያ እንባ፣ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጥቶ ፊቴ ቆመ። «ጣቴ» ብሎ ይጠራኝ የነበረው ለጨዋታ አልነበረም። ጣቱ ነበርኩ፤ እውነተኛ ጣቱ። ከእኔ ቀጥሎ ሲነካው የነበረው ለይስሙላ ነው።

ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥን። እጁ ተጠቅልሏል። ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

«አባዬ፣ ያ የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ… አልደረሰም ነበር። ጣቴ ላይ ይዞኝ ነበር። እያወቅኩ ነው ደርሷል ያልኩህ። አንተም ትነካዋለህ ብዬ ነው።»

«ክሩን አይቼዋለሁ» አለ።

«ምን?»

«ከጣትሽ ሲጎተት አይቼዋለሁ። ዓይኔ ደህና ነበር እኮ። ዓይኔ ገና ነው አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አጋጠምከው?»

የገረመው ይመስል አየኝ። «አንቺ ደርሷል አልሻ» አለኝ። «ዓይን ይሳሳታል። አንቺ ተሳስተሽብኝ አታውቂም።»

ማልቀስ የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው፤ አልቅሻለሁም። ስለ «ሳቁ» የምትለዋን ቃልም ያን ዕለት ነገርኩት። እሱም፣ እኔን ሊወቅስ ሳይሆን፣ ዝም ብሎ እንደሚያስታውስ ሰው፣ «ያቺ ልጅ ብትሆን ገና ነው ትል ነበር» አለ።

እመኑኝ፤ አርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ጥፋቴን ሁሉ አውቄያለሁ፣ የእንጀራ ገመዷን የበጠስኩባትን ሴት ፈልጌ እግሯ ላይ መውደቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ። እሱ ግን «ያቺ ልጅ» ሲል ድምፁ ለስለስ ያለ ጊዜ ያ የድሮው ምሬት አፌ ውስጥ መጣ። ቀናሁባት።

ሻዩ መጣ። እንፋሎቱ ይነሳል። አባቴ ያልቆሰለ እጁን ወደ ብርጭቆው ሰደደና ሳይነካው አጠገቡ አቆመው። ቀና ብሎ አየኝ። ጣቴን አጥፌ፣ በትንሿ ጣቴ አጥንት፣ ሳልጫነው፣ ብርጭቆውን ነካሁ።

«ገና ነው፣ አባዬ» አልኩት።

እጁን ሰብስቦ ጠበቀ።